ደገኛዋ እስስት

ቶሮንቶ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እንኳን ለትንሣኤው ብርሃን አደረሰሽ። ደረትሽስ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ እንዴት አደረገሽ? ስትወጪ ጋቢሽን ትደርቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ምን እሆናለሁ» ብለሽ በነጠላ ብቻ ነው የምትሄጂው? እኛ ክብር ለእሱ ይሁንና ደህና ነን። እኔ አሁንም ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው መጋዘን ካርቶን እያሸግሁ ነው። ሔርሞን ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል፤ ጫማዬን እየለካች ትስቅብኛለች።

በጥር የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ሦስት ወር ሙሉ መልስ በማጣትሽ እንደተቀየምሽ አውቃለሁ፤ ጊዜ አጣሁ ብዬ አልዋሽሽም። «አሥር ዓመት ሞላት፤ ከእኔ ማኅፀን መውጣቷን ከሰው አፍ ሳትሰማ አንቺው ንገሪያት» ብለሻል። እውነት አለሽ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ግን እጄ እምቢ ይለኛል። ስለዚህ ዛሬ መጀመሪያ ሌላ ወሬ ላጫውትሽ፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ያደርሰኛል።

ቤታችን ውስጥ እስስት አለ። አዎ፣ እስስት። እንግዲህ አማትቢ።

ነገሩ የጀመረው ከላይብረሪ በመጣ መጽሐፍ ነው። ሔርሞን ክረምቱን ሙሉ ስለ እስስት ስታነብ፣ ስትሥል፣ ስትለምነኝ ከረመች። በታኅሣሥ አልቻልኳትም፤ ኤግሊንተን ዌስት ላይ እንስሳት የሚሸጥ አንድ ጃማይካዊ ሽማግሌ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው ሁሉም የሚገዛውን፣ ከየመን የመጣውን ትልቁን ዓይነት አሳየን፤ ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው አለ። እሷ ግን ጥግ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ፍጥረት ፊት ቆማ ቀረች። ስንዝር ብትሆን ነው፤ ከራሷ ኋላ ቆብ የደፋች የምትመስል፣ አፍንጫዋ ላይ ጉጥ ያላት፣ ቆዳዋ ሻካራ። ይህቺ አስቸጋሪ ናት፣ የሚያውቅባትም ጥቂት ሰው ነው ብሎ ሰውየው ሊያስጥላት ሞከረ። ሔርሞን ግን የሽቦ ቤቷ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብባ ጨርሳለች።

«ማሚ፣ ይቺ እኮ ኬንያ ነው የተወለደችው» አለችኝ። «ላይክ ሚ።»

አንቺ በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ሐኪሙም ተስፋ ቆርጦ፣ የሁለት ዓመት ልጅሽን «ይዘሻት ውጪ» ብለሽ በሰጠሽኝ ጊዜ የተጓዝነውን መንገድ ታውቂዋለሽ። ናይሮቢ ስደርስ ፎርሙ ላይ ልጄ ብዬ ሞላሁ፤ ስታድግም እዚያው ናይሮቢ ወለድኩሽ አልኳት። ኋላ መዳንሽን ስሰማ እልል አልኩ፣ አለቀስኩ፤ ፈራሁም። መፍራቴን እስከ ዛሬ ጽፌልሽ አላውቅም። እናም እስስቷን ገዛኋት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

እንግዲህ የሠራሁትን ጉድ ስሚ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ የቶሮንቶን ብርድ ነግሬሻለሁ። ይህቺ የአፍሪካ ፍጥረት በብርድ እንዳትሞትብኝ ብዬ የመስኮቱን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቅሁ። የሽቦ ቤቷን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ። መብራቷን ቀንም ሌሊትም አላጠፋም። ሦስት ፎቅ ከእኛ በታች የምትኖረው ጓደኛዬ ፍቅርአዲስ እስስት ካለበት ቤት አልገባም ብላ ኮሪደር ላይ ትቁም እንጂ ለሙቀት ብላ የራሷን ሂተር አውሳኛለች። ውኃም በሳህን አስቀመጥኩላት፤ ዞር ብላ አላየችውም። በሳምንቱ ጥቁር ሆነች። ሔርሞን ቀለቧ የሆኑትን ፌንጣዎች አጥንት በሚያጠነክር ነጭ ዱቄት እየለወሰች ስታቀርብላት፣ ጠራራ ቀን ላይ ዓይኗን ጨፍና ቁጭ ትላለች። ብርድ መትቷት ነው አልኩና ሌላ ብርድ ልብስ ጨመርኩ።

በመጨረሻ ሔርሞን እያለቀሰች ሱቁን ኮል አደረገች። ሰውየው ለእኔ እንድታስረዳኝ ሁለት ጊዜ ደገመላት። ይህቺ ከተራራ ላይ የመጣች ናት፤ ቀን ፀሐይ የመሰለ መብራት፣ ሌሊት ግን ብርድ ነው የለመደችው። ካልበረዳት አታርፍም። ውኃም ከሳህን አትጠጣም፤ ቅጠሉን በሚረጭ ውኃ አርሱላት፣ ጠብታውን ትልሳለች። በዚህ ሙቀት ከቀጠላችሁ ግን ትገድሏታላችሁ አለ።

እህቴ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ደገኛን በብርድ ልብስ አፍና ልትገድል! ብርዱን ልቋቋም ስል ያደግሁበትን ረሳሁት። ያን ዕለት ጨርቁን ሁሉ ነቀልኩ፣ ሂተሩን ለፍቅርአዲስ መለስኩ፤ ማታ ማታ መብራቷን አጥፍተን መስኮቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ከፈት እያደረግን፣ እኔና ልጅቷ ተቃቅፈን እየተንቀጠቀጥን ተኛን። በአሥር ቀን ውስጥ ቅጠል መሰለች፤ ምላሷን ወርውራ ፌንጣ ስትይዝ ሔርሞን ከነፒጃማዋ ጨፈረች። ስወድሽ አጥብቄ፣ ሳጠብቅ አንቄ ማለት እንዲህ ነው። ይህንን ስለ እስስቷ ብቻ እንዳልጻፍኩት ታውቂያለሽ።

ከዚያ ወዲህ ሆዷ መነፋት ጀመረ። ጠገበች ብለን ደስ አለን። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሔርሞን ጠራችኝ፤ ብሄድ እስስቷ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ትወልዳለች። ሌሎቹ እንቁላል ይጥላሉ፣ የእሷ ዓይነት ግን ነፍስ ያለው ነው የምትወልደው። አንድ በአንድ እርጥብ ሽፋን ውስጥ ተጠቅልለው ይወርዳሉ፤ ወዲያው ሽፋኑን ቀደው፣ ክብሪት እንጨት እንኳ የማያክሉት፣ ቅጠሉን ይወጡታል። አሥራ አንድ ቆጠርን። እናታቸው ዞር ብላ አላየቻቸውም።

ሔርሞን መልሳ ደወለች። ሰውየው ለይታችሁ ሌላ ቤት አስቀምጧቸው፣ ጥቃቅን ዝንብ ስጧቸው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ራሳቸውን ያኖራሉ አላት። መቼ አርግዛ እንደሆነም ጠየቀችው። ወራት ስለምትሸከም እዚያው ተራራዋ ላይ ሳይሆን አይቀርም አለ። ስልኩን ዘጋችና፣ «ቤቢዎቹ ኬንያን አያውቁም። ግን ከዛ ናቸው፣ አይደል?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«ሰው ካልነገራቸው አያውቁም» አለች።

ሳህን ላጥብ ብዬ ተነሣሁ። የታጠበ ሳህን ነው ደግሜ ያጠብኩት።

ለፋሲካ እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ከቅዳሴ መልስ ጾም ፈታን፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ ዶሮ ወጡን እየበላች ስለ ትምህርት ቤቷ ታወራለች። «ሔርሞን» አልኳት። «ዋት?» አለችኝ። እንቁላል ይጨመርልሽ ወይ ብዬ አለፍኩት። ልቤ ፈሪ ነው፤ ስምንት ዓመት ያቀፍኩትን ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጣት መስሎ ታየኝ።

በዚህ ሳምንት ፎቶ ላንሣልሽ ብዬ እስስቷን እጇ ላይ አስቀምጣ አነሣኋት። ይኸው በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ፤ መልኳን አይተሽ ራስሽን ታገኚዋለሽ፣ በተለይ ግንባሯ ላይ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ከጀርባው ለአክስትሽ ሰላምታ ጻፊላት አልኳት። አንገቷን ደፍታ ብዙ ቆየች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው የምትጽፋቸው። አምጥታ ሰጠችኝ። «ለእናቴ» ይላል።

የጻፈችው ለእኔ መስሎኝ ተሳሳትሽ፣ ይሄ እኮ ለአክስትሽ የሚላክ ነው አልኳት።

«አልተሳሳትኩም፣ ማሚ» አለችኝ። «ኤንቨሎፑ ውስጥ ክተቺው።»

መቼ አወቅሽ፣ ከማን ሰማሽ አላልኳትም። ደብዳቤዎችሽ ያሉበት መሳቢያ ቁልፍ የለውም፤ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ፊደል እንድትቆጥር የላክኋትም እኔው ነኝ። አጠገቤ ቁጭ ብላ ስከተው አየች፤ ከዚያ ተነሥታ ለእስስቶቹ ቅጠሉን በውኃ ልታርስ ሄደች።

አምላክ ደረትሽን ይማርልሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ለዓይነ ሥጋ ያብቃን፤ ልጅቷንም ለሁለታችን ያሳድግልን።

የልጅሽ አክስት