ያልረካው አንባቢ ያልለቀቃቸው እህታችን

የሁላችን ታላቅ የሆኑት እህታችን ከሰዓት ሠሪው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ ወዲያው አላለቀሱም፤ አዋላጇን ትኩር ብለው አይተው፣ እጇን መታጠቧን ካረጋገጡ በኋላ ነው ድምፃቸውን ያሰሙት። አዋላጇ ይህን ስትምልበት ኖራለች። የሚጠራጠር ካለ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብራለችና ይጠይቃት።

ትምህርታቸውን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ እየወጡ ተከታትለዋል። ታናሽ ወንድማቸው አራተኛ ክፍል ላይ ደጋግሞ ሲቀር፣ “ሰነፍ አይደለህም፤ ክፍሉን ወደኸው ነው” እያሉ ያጽናኑት ነበር። በ1976 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመርቀው በሴቶች ዋርድ ተመደቡ፤ ዋርዱም ቤታቸው ሆነ። ታካሚዎቹ የእህታችንን የጫማ ኮቴ ከሩቅ ለይተው ትራሳቸውን ያስተካክሉ ነበር። የአንዷን ደረት አዳምጠው፣ “እማማ፣ ትናንት ደረጃ ወጥተዋል፤ አይዋሹኝ” ሲሏት፣ ሴትዮዋ የጎረቤቷንም ጥፋት ጨምራ ተናግራለች ይባላል።

በ1979 ዓ.ም. የሆስፒታሉን የመድኃኒት ባለሙያ አገቡ። የእህታችንን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው ባለሙያው ብቻ ስለነበሩ ሌላ ምርጫ አልነበረም። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ1990 ዓ.ም. የሆስፒታሉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ አጣ። የቦርዱ ሊቀመንበር፣ አንደበታቸው ማር የሆነ ሰው፣ እህታችንን ዋርድ ድረስ መጥተው፣ “ዶክተር፣ ለአንድ እትም ብቻ ያግዙን፤ ከዚያ ወደ ታካሚዎችዎ” አሏቸው። እህታችንም አመኑ። የተሰጣቸው ቢሮ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። መስኮቱ ግድግዳ ያያል፤ በሩ፣ ከኋላው ያልተነበበ መጽሔት ስለተከመረ፣ ከግማሽ በላይ አይከፈትም። መጽሔቱን ማንም አይገልጠውም፤ ነርሶቹ ግን የሚወዛወዝ አልጋ እግር ስር ያደርጉት ስለነበር ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም።

እህታችን፣ “አስተያየታችሁን ጻፉልን” የሚል ዓምድ ከፈቱ። አንድም ሰው አልጻፈም። ባዶ ገጽ ማውጣት አሳፍሯቸው፣ ራሳቸው አንድ ደብዳቤ በታይፕ መትተው፣ “አንድ ያልረካ አንባቢ” ብለው ፈርመው አወጡት። “ታካሚዎቼን የማስተኛው በክኒን ነበር፤ አሁን የመጽሔታችሁን ሁለተኛ ገጽ አነብላቸዋለሁ” ይላል።

ባለቤታቸው አይተው፣ “አንቺ ሴት፣ ራስሽን ነው የምትሰድቢው?” ቢሏቸው፣ “ሌላ ማን ይስደበኝ? የሚሰድብማ መጀመሪያ ማንበብ አለበት” አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ፖስተኛውን ማየት ነበር። “ያልረካው አንባቢ እውነቱን ነው” የሚል ደብዳቤ ከየጤና ጣቢያው ጎረፈ፤ የፖስተኛው ብስክሌት ከክብደቱ የተነሳ የፊት ጎማው መሬት ሳይነካ ይመጣ ነበር። አንዲት የሩቅ ጤና ጣቢያ አዋላጅ፣ የመድኃኒት መጠን ሰንጠረዡ ጽሑፍ ደቃቅ ስለሆነ በፋኖስ እንደማይነበብ ጻፈች። እህታችን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ወረቀት አድርገው በመጽሔቱ ውስጥ አጣጥፈው ላኩላት። “ከስህተታችን እንማር” የሚል ዓምድም ተከፈተ፤ ሐኪሞች ያጠፉትን፣ ሌላው እንዳይደግመው፣ በራሳቸው እጅ ጻፉ። ግራ የገባው ሐኪም የታካሚውን ሁኔታ የሚጽፍበት፣ ሌሎቹ በሚቀጥለው እትም የሚመልሱበት “እናንተስ ምን ትላላችሁ?” ተጨመረ። መጽሔቱ ከአልጋ ስር ወጥቶ አልጋ ላይ ተነበበ።

ነገር ግን አንድ ዓምድ በተከፈተ ቁጥር ለእህታችን አንድ በር ይዘጋ ነበር። ወደ ዋርድ እንዲመለሱ ሲጠይቁ ሊቀመንበሩ፣ “ያ ያልረካው ሰውዬ እስኪረካ የትም አይሄዱም!” አሏቸው። ሰውዬው አንድ እትም ሳይጽፍ ሲቀር ደግሞ ቦርዱ በየስብሰባው፣ “ምነው፣ ታመመ እንዴ?” እያለ ይጨነቃል። እህታችን ዓመታትን ዋርዱ በላያቸው ላይ እየተራመደ፣ የአልጋ ጎማ ሲንከባለል ወደ ጣሪያው ቀና ብለው እያዳመጡ አሳለፉ።

በመጨረሻ መላ መቱ። “ረክቻለሁ። አዘጋጇን አሰናብቷቸው፤ ደክመዋል” የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ሊቀመንበሩ ለቦርዱ ሲያነቡት እንባቸው መጣ።

“እሱን ያረካች ሴት እንዴት ትለቀቃለች!” አሉ።

እህታችን ቆመው፣ “ሰውዬው እኔ ነኝ። ከመጀመሪያውም እኔ ነኝ” አሉ።

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። “ዶክተር፣ እርስዎ እንዲህ አይሳደቡም! ድካም ነው፤ ድካም” ተባለ። ከድካሙ እንዲያርፉም ባለጎማ ወንበር ተገዛላቸው። እህታችን ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ወደ በሩ አንዴ ሊንከባለሉበት ሞክረው ነበር፤ በግማሽ የሚከፈተው በር ግን አላሳለፋቸውም።

በ2015 ዓ.ም. ልባቸው ታመመና እዚያው ሴቶች ዋርድ ተኙ። ቤተሰቡ ሲያለቅስ እሳቸው ፊታቸው ፈካ። ከነርሷ የልብ ማዳመጫ ተውሰው፣ የታካሚ ጋውን እንደለበሱ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ሲያዳምጡ፣ “ዶክተርዬ፣ እርስዎ ታካሚ ነዎት፤ በሞቴ ይተኙ!” ነርሷ ትላቸው ነበር። “አንቺ ዝም በይ፤ የዚህችን ሳንባ ማን ሰማው?” ይሏታል። የአልጋ ጎረቤታቸውም ሳንባ ውሃ መቋጠሩ በዚሁ ታወቀ፤ ሴትየዋ ድና ዛሬ ከመካከላችን ቆማለች።

በመጨረሻው ሳምንት ሊቀመንበሩ የሚቀጥለውን እትም ረቂቅ ይዘው መጡ። እህታችን ከሰው ደረት ላይ ቀና ሳይሉ፣ “ራውንድ ላይ ነኝ፤ ውጭ ይጠብቁ” አሏቸው። ሊቀመንበሩም ረቂቁን ታቅፈው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ፤ የሚጠራቸው አልመጣም።

እህታችን በዚያው ሳምንት፣ በስልሳ አምስት ዓመታቸው፣ በሥራ ቦታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድም እህቶቻቸውን ትተዋል። ሴት ልጃቸው ሐኪም ናት። ሊቀመንበሩ ከትናንት ጀምሮ ያንኑ ረቂቅ ታቅፈው አጠገቧ ለመቀመጥ ስለሞከሩ አክስቷ በመካከል ገብተዋል፤ ቀብሩ እስኪፈጸምም አይነሱም።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ በሰፊውና ብርሃን ባለበት ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን፣ ለልጅቷም “እምቢ” የምትልበትን አንደበት ይስጥልን።