ቢፍቱ መዞር ትታለች

ውዴ ሰናይት፣

ትናንት ቢፍቱ ከዕረፍት በፊት ከሜዳ ተቀይራ ወጣች።

ከተለየሽን አንድ ክረምት አለፈ። ቤቱ እንደተውሽው ነው። የመኝታ ቤታችንን መስኮት ነፋሱ አሁንም ያንኳኳዋል። ጫማዎችሽን አላነሳንም። የተለወጠችው ልጃችን ናት። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ከልምምድም አትቀርም። ሜዳ ላይ ግን ኳስ ሲደርሳት አትዞርም። ከተከላካዮች ትቀበልና መልሳ ለእነሱ ትሰጣለች።

አንቺ ያስተማርሻት ይህን አልነበረም። ወንጂ በልጅነትሽ የተማርሽውን ነበር ያሳየሻት፦ ኳሱ ሳይደርስሽ ትከሻሽን አሻግረሽ እዪ፣ ሰውነትሽን ግማሽ አዙሪ፣ ከኳሱ በራቀው እግርሽ ተቀበዪ፣ ከዚያ ወደ ፊት። በጨዋታ ቀን ደግሞ ሁልጊዜ ከጀርባዋ በኩል ሜዳው ዳር ቆመሽ ትጮኺላት ነበር። ሰው ከተጠጋት በኦሮምኛ «ነማ!»፣ ባዶ ከሆነ «ዙሪ!»። ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ሜዳ ሲቀያየሩ አንቺም ነጠላሽን ሰብስበሽ ወደ ሌላኛው ዳር ትሮጫለሽ። ሜዳው አጠገብ የሚቆሙት የባጃጅ ሹፌሮች «እትዬ፣ ማሊያ እንስጥዎት?» እያሉ ይቀልዱብሽ ነበር። «ዝም ብላችሁ ተሳፋሪ ፈልጉ!» ትያቸው ነበር።

ለካ ቢፍቱ ራሷ አይታ አታውቅም። ዓይኗ ያንቺ ድምፅ ነበር። ለአንቺ ገብቶሽ ነበር፤ በመጨረሻው ሕመምሽ አልጋ ላይ ሆነሽ «እንደኔ አትጩህላት፣ ራሷ ማየት ትልመድ» ያልሽኝ ለዚህ ነው።

ሞከርኩ። ጠዋት ከትምህርት በፊት ሜዳ እንወርዳለን። ኳሱን ግድግዳ ላይ ትመታዋለች፤ ተመልሶ ሳይደርሳት እኔ ከኋላዋ በቀኝ ወይም በግራ እቆማለሁ። አይታኝ በባዶው በኩል መዞር አለባት። አታይም። ኳሱን ረግጣ ታቆመውና መልሳ ወደ ግድግዳው ትመታዋለች። አንድ ቀን ተናድጄ «ለምን አታዪም?» አልኳት።

«አባዬ፣ ዞሬ ባይም የለችማ» አለችኝ።



ትናንት ጨዋታው ከደራ ከመጣ ቡድን ጋር ነበር። ሌላ የማደርገው ስለጠፋኝ አንቺ ትቆሚበት የነበረው ቦታ ሄጄ ቆምኩ። ቦታው ባዶ እንዳይሆንባት ብዬ ነው። ኳስ ወደ እሷ ሲመጣ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋን አሻግራ አየች። ያየችው እኔን ነው። ኳሱ በእግሯ ሥር አለፈ፣ የደራዋ አጥቂ ይዛው ሄደች፣ ጎል ሆነ። ቢፍቱ ግን ከቆመችበት ሳትነቃነቅ አሁንም እኔን ታየኝ ነበር። አሰልጣኙ ቀየራት። ቤት እንደደረስን መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተች። ለቅሶዋ ከውሃው በላይ ይሰማ ነበር።

አሰልጣኙ ክፉ ሰው አይደለም። «ጋሼ፣ መሀል ሜዳ ላይ የማትዞር ልጅ ይዤ አሰላ ለውድድር መሄድ አልችልም» አለኝ። ቢፍቱ ደግሞ ከቡድኑ ከቀረች ማሊያውን እንደምትመልስና ኳስ ዳግም እንደማትነካ ነግራኛለች። እልኳን ታውቂዋለሽ፣ ታደርገዋለች። ካንቺ የቀራት ይሄ ብቻ ነው። እሱም ከሄደ ልጄን በምን እንደማቆማት አላውቅም። ሰናይት፣ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት እንደገና ወደ ግድግዳው ወሰድኳት። የት ብቆምላት እንደሚሻላት ጠየቅኳት። ኳሱን ረግጣ አቆመችና መልሳ ወደ ግድግዳው መታችው።

ሶደሬ ዛፎቹ ሥር፣ ከወንዶቹ መሀል ኳስ ነጥቀሽ ስትስቂ መጀመሪያ ያየሁሽን ቀን እስካለሁ አልረሳውም። ለቢፍቱም እነግራታለሁ፤ አሁን ስምሽን ስጠራ ከክፍሉ ትወጣለች፣ መስማት የቻለች ቀን ግን ሁሉንም እነግራታለሁ።

ሐሙስ የመጨረሻው ልምምድ ነው። ወደ አሰላ የሚሄዱትን ልጆች አሰልጣኙ ቅዳሜ ጠዋት ያሳውቃል።