ጀርባ ለተራራ፣ ፊት ለባሕር፦ የመምህርት ሳንጊያም ኬትማኒ ሕይወት

መምህርት ሳንጊያም ኬትማኒ በቡድሃ ዘመን አቆጣጠር በ2479 ዓ.ም.፣ ኦገስት 27 ቀን፣ በቹምፖን ክፍለ ሀገር፣ ፓቲዩ ወረዳ፣ ባን ሳይ ዴንግ በተባለችው የባሕር ዳር መንደር ተወለዱ። አባታቸው አቶ ክሊንግ የኮኮናት ገበሬ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ሪያም ሽሪምፕ በጨው ወቅጠው ገበያ ያወጡ ነበር።

የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በ2484 ዓ.ም. ዲሴምበር ላይ፣ የጃፓን ወታደሮች ከመርከብ ወደ ክፍለ ሀገሩ ዳርቻ ወረዱ። እናታቸው ልጆቹን በኮኮናት ልጣጭ ክምር ውስጥ ደበቋቸው። መምህርት ሳንጊያም ከጦርነቱ የሚያስታውሱት የልጣጩን ሽታና አፍንጫቸውን የበላቸውን አቧራ ብቻ እንደሆነ ለተማሪዎቻቸው ይናገሩ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው ተከታትለው፣ በናኮን ሲ ታማራት ከተማ በመምህርነት ሠለጠኑ። በ2499 ዓ.ም. በባቡር ተመልሰው በተማሩበት ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2539 ዓ.ም. ድረስም ሌላ ቦታ አልሠሩም።

ዛሬ ለሽኝታቸው ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ የክፍለ ሀገራችንን ታሪክና መልክዓ ምድር የተማራችሁት ከእርሳቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉን ሁሉ ወደ ሜዳ ያወጡ ነበር። «ጀርባችሁን ለተራራው ስጡ፣ ፊታችሁን ወደ ባሕሩ አዙሩ። አሁን ጎረቤቶቻችን፣ በቀኝ እጃችሁ ሱራት ታኒ፣ በግራ እጃችሁ ፕራቹዋፕ ናቸው። ከጀርባችሁ ያለውን ተራራ የተሻገረ በርማ ገባ» ይሏቸዋል። ዞሮ የቆመ ልጅ ካገኙ «አንተ ልጅ፣ በርማ ገብተሃል፤ ፓስፖርትህን አሳየኝ» ይሉ ነበር። ምድራችን በዚህ በኩል እንደ አንገት የጠበበች መሆኗን፣ የምዕራቡ ነፋስ የሚያመጣውን ዝናብና በዓመቱ መጨረሻ ከምሥራቅ የሚነሳውን ማዕበል ያስተማሩት እንዲህ አቁመው ነው።

በ2503 ዓ.ም. ከአቶ ፕራዮንግ ኬትማኒ ጋር ተጋቡ። አቶ ፕራዮንግ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ አዛዥ ነበሩ። ወራፓይና ቲራኖን የተባሉ ሁለት ልጆች አፈሩ። አቶ ፕራዮንግ ባለቤታቸውን በቤትም ቢሆን «መምህርት» እያሉ ይጠሩ ነበር።

በ2532 ዓ.ም. ኖቬምበር መጀመሪያ አቶ ፕራዮንግ ለጉዞ ሲዘጋጁ፣ መምህርት ሳንጊያም ሰማዩ እንዳላማራቸው ነገሯቸው። አቶ ፕራዮንግም «መምህርት፣ አንቺ የምታውቂው የጥቁር ሰሌዳውን ባሕር ነው» ብለው ስቀው ወጡ። በአራተኛው ቀን አውሎ ነፋሱ መታን። ከጀልባዋ አንድ ሳንቃ እንኳ አልተገኘም። አብረዋቸው ከነበሩትም የተመለሰ የለም።

በዚያ ሰሞን በመንደሩ አስከሬን ያላገኙ ቤተሰቦች ሁሉ በአስከሬኑ ፈንታ በፎቶግራፍና በልብስ የሽኝት ሥርዓት አደረጉ። በሌላ ጀልባ ወጥተው የነበሩት ጎረቤታቸው አቶ ዱዋንም ሥርዓት ከተደረገላቸው አንዱ ነበሩ። ከሁለት ወር በኋላ ግን አቶ ዱዋን በባዕድ መርከብ ከባሕር ተለቅመው፣ ከባቡር ጣቢያው በእግራቸው መጡ። ገዳም ውስጥ የራሳቸውን ፎቶግራፍ አይተው «ምነው፣ ከሞትኩ አይቀር ትንሽ ያማረውን አትመርጡም ነበር?» አሉ። መንደሩ ሳቀ። መምህርት ሳንጊያም አልሳቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ባለቤታቸው ሥርዓት ያነሳባቸውን ሰው መልስ አይሰጡትም ነበር።

በየዓመቱ በጨረቃ አቆጣጠር በአሥረኛው ወር፣ የሙታን ነፍሳት ወደ ቤተሰባቸው በሚመጡበት ሰሞን፣ እርሳቸውም እንደማንኛችንም እንደ ክር የቀጠነውን የሩዝ ጣፋጭ ጋግረው ወደ ገዳም ይሄዱ ነበር። ነፍሳቱ በስማቸው ተጠርተው እንዲበሉ በሚቃጠለው ወረቀት ላይ የአባታቸውንና የእናታቸውን ስም ይጽፋሉ። የባለቤታቸውን ስም አይጽፉም። ስሙ ያልተጠራ ነፍስ ሌሎች ሲበሉ ደጅ ቆሞ ይውላል። ልጃቸው ወራፓይ ይህ ነገር ሰላም ነሥቷት ነበር። አንድ ዓመት በገዳሙ ደጃፍ ሰው ሁሉ እየሰማ «እማዬ፣ የሰው አባት ሁሉ ሲበላ የኔ አባት ብቻ እስከ መቼ ይራብ?» አለቻቸው። «ያልሞተ ሰው የሙታን ምግብ ምን ያደርግለታል?» ብለው መለሱላት። ወራፓይ ስሙን ራሷ ልትጽፍ ትችል ነበር። ሚስት ሳለች ልጅ ቀድማ አትጽፍም ብላ ተወችው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እናትና ልጅ በአሥረኛው ወር ወደ ገዳም አብረው አልሄዱም።

በክፍልም እንዲሁ ነበር። የክፍለ ሀገሩን ታሪክ ከጥንት ጀምረው፣ የባቡር ሐዲዱን፣ ጦርነቱን፣ የጎማ ተክሉን አስተምረው 2531 ዓ.ም. ላይ ያቆማሉ። ተማሪ «መምህርት፣ አውሎ ነፋሱስ?» ብሎ ሲጠይቅ «እሱ ገና አላለቀም» ይሉ ነበር። ልጆቹም ቤታቸው ተነግሯቸው ስለሚመጡ ደግመው አይጠይቁም። ጡረታ ሲወጡ ትምህርቱ እዚያው ላይ ቆሞ ነበር።

በ2565 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። በክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው፣ በዚህ ዓመት ሜይ ላይ ወደ ቤታቸው መመለስ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ቤተሰቡም እንደ ልማዳችን በሽኝት ሥርዓታቸው ቀን ለእንግዶች በሚታደለው መጽሐፍ ከሕይወት ታሪካቸው ቀጥሎ ምን እንዲታተም እንደሚወዱ ጠየቃቸው። ወራፓይ ጸሎት ይሻላል አለች። ቲራኖን የምግብ አሠራር ይሁን አለ። እርሳቸው ግን «የክፍለ ሀገሩን ትምህርት አትሙት። ጸሎት ሁሉም ቤት አለ» አሉ። ትንሽ ቆይተውም «ወራፓይ፣ ብዕር አምጪ። የጎደለውን ልሙላው» አሏት።

በቃላቸው አስጻፏት። «ብዙ ዓሣ አጥማጆች አልተመለሱም» የሚለው ላይ ሲደርሱ የወራፓይን ብዕር በእጃቸው አስቆሙ። ቀጥለውም «አልተመለሱም የሚለውን ሰርዢው። ልጆች ግልጽ ነገር ነው የሚገባቸው» አሉ። ወራፓይ ሰረዘችው። በዚህ መጽሐፍ የትምህርቱ የመጨረሻ አንቀጽ ሆኖ የታተመው ይህ ነው፦

«በ2532 ዓ.ም. ኖቬምበር 4 ቀን ከምሥራቅ የመጣ አውሎ ነፋስ ክፍለ ሀገራችንን መታ። የኮኮናትና የጎማ ዛፎች ወደቁ። ትምህርት ቤታችን ጣሪያውን አጣ። ብዙ ዓሣ አጥማጆች ሞቱ። ከሞቱት አንዱ የባን ሳይ ዴንግ ነዋሪ የነበሩት ፕራዮንግ ኬትማኒ ናቸው።»

ወራፓይ አንቀጹን አንብባ አሰማቻቸው። የሚታረም እንደሌለ ተናግረው ውሃ ጠየቁ።

መምህርት ሳንጊያም በ2567 ዓ.ም. ጁን 11 ቀን ጠዋት፣ በተወለዱ በ87 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳሉ ዐረፉ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆች ተርፈዋቸዋል። በሕመማቸው ጊዜ የጠየቃችኋቸውን፣ ዛሬም ከቅርብና ከሩቅ መጥታችሁ የሸኛችኋቸውን ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናችኋል።

ዛሬ የሚቃጠለው አስከሬናቸው አመድ ነገ ጠዋት ከመንደሩ ወደብ በጀልባ ተወስዶ ወደ ባሕር ይገባል። በመጪው አሥረኛ ወር ወራፓይ በገዳሙ ወረቀት ላይ የአባቷንና የእናቷን ስም ትጽፋለች፤ የሁለቱም ይጠራል፤ ለሁለቱም ምግብ ይቀርባል። የሠሩት በጎ ሥራ መንገዳቸውን ያቅናላቸው፤ ወደ መልካሙ ስፍራም ያድርሳቸው።