ዘጠኝ ቤት ስለተቆጠረችው ፔርሙዝ

ግንቦት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ንጉሡ
የቀበሌያችን የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
መካነ ሰላም ዙሪያ

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ከነመላው ቤተሰብዎ፣ ከነመዝገብዎና ከነማኅተምዎ ይድረስዎ፤ አላህ ጤናዎን ያብዛልን፤ እርስዎ ከታመሙ ማን ይመርቀናል?

በመቀጠል ቀይዋ ዶሯችን ባለፈው መጋቢት ለመንግሥት ሥራ መሥዋዕት ሆና ማረፏን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ሟች በሕይወት ዘመኗ እንቁላሏን እያስሸጠች ቤታችንን በጨው፣ በላምባና በደብተር ስታስተዳድር የኖረች ሲሆን፣ የአሟሟቷ ምክንያትም አቶ ደሳለው የተባሉ መረጃ ሰብሳቢ እያንዳንዱ ቤት ምን እንደሚበላና ገንዘቡን በምን እንደሚያጠፋ ሊጠይቁ ወደ መንደራችን መምጣታቸው ነው። ባለቤቴ ሩቂያ «እንግዳ አፉ ሳይረጥብ ከቤቴ ወጥቶ እኔ ሰው ልባል?» ብላ ቢላዋውን አቀበለችኝ። አቶ ደሳለውም ዶሮዋን በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ እስክሪብቷቸውን አንስተው «ሥጋ ይበላሉ» ብለው ጻፉ። ሐሰት አልጻፉም፤ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ማን እንደበላው የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም።

በዚሁ ቅጽ መነሻነት በሚያዝያው ስብሰባ እርስዎ ራስዎ ስሜን ጠርተው «ራስህን ችለሃል፤ ከሴፍትኔት ተመርቀሃል» ብለው አስጨበጨቡልኝ። በዕድሜዬ የተመረቅሁት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ውለታዎን አልረሳም፤ ስድስት ነፍስ የምንበላው የወር ዘጠና ኪሎ ስንዴም ከጭብጨባው ጋር አብሮ ቆመ። ስለዚህ የሚከተሉትን ቅሬታዎች፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎች አቀርባለሁ።

1ኛ. በመንደራችን ያለችው ፔርሙዝ አንዲት ናት። ባለ ቀይ አበባዋ ፔርሙዝ የጎረቤታችን የእትዬ ሀጀራ ስትሆን፣ ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸው ናት። አቶ ደሳለው በፊት ለፊቱ መንገድ ከቤት ወደ ቤት ሲሄዱ እሷ በጓሮ እየቀደመች ዘጠኝ ቤት ሻይ ቀድታላቸዋለች፤ በዘጠኙም ቤት «ፔርሙዝ፦ አንድ» ተብላ ተመዝግባለች። እርሳቸው «ይህ መንደር እንዴት ፔርሙዝ ይወዳል!» እያሉ ሲደነቁ እኛ መሬት መሬት እናይ ነበር፤ ለእንግዳ ያቀረበውን ዕቃ «የተዋስኩት ነው» ብሎ የሚናገር ወሎዬ እስካሁን አልተወለደምና።

2ኛ. አቶ ደሳለው በመጨረሻ እትዬ ሀጀራ ቤት ሲደርሱ ደግሞ የሴትዮዋ ፔርሙዝ እኛ ቤት፣ ምንጣፋቸው ጎረቤት እነ ካሳ ቤት፣ ብርጭቋቸውም መንገድ ላይ ነበር። ቤቱ ባዶ ስለተገኘ የጅዳዋ እናት «የድሃ ድሃ» ተብለው ስንዴው ለእርሳቸው ተወሰነ። «ኧረ እኔስ ልጄ ትልክልኛለች» ቢሉም «ለኩራታቸው ነው» ተብሎ ታለፈ። አሁን ስንዴውን ሲቀበሉ በነጠላቸው ተሸፍነው ነው፤ ከዚያው ላይ በቁና ሰፍረው ወደ እኛ የሚልኩትም በዚያው በፔርሙዟ የጓሮ መንገድ ነው። አላህ ይስጣቸው፤ እርስዎ ግን በቁና ስድስት ነፍስ ስንት ቀን እንደሚያድር በመዝገብዎ ይዩልኝ።

3ኛ. የየቤቱን ወጪ በተመለከተ ቅጹ ስለጠበበው እኔ ላግዝ። ልጅ አረብ አገር ያለው ቤት በመጀመሪያው ዓመት የደላላ ዕዳ ይከፍላል፤ በሁለተኛው ቆርቆሮ ይመታል፤ በሦስተኛው ልጅቱ ታማ ስትመለስ ያስታምማል። የደሞዝተኛው ቤት ደሞዙን ከማየቱ በፊት በመዋጮ ይጨርሳል። የሼኹ ቤት የገባውን እህል ቁርኣን ለሚያስቀራቸው ደረሶቹ አብልቶ ለራሱ ዱዓ ያደርጋል። የእኔ ቤት ያለውን ለእንግዳ ያወጣና፣ ሌላ የሚያወጣው ሲያጣ ልጁን ያወጣል።

ይህም ነገር የመጣው እንዲህ ነው። ትልቋ ልጄ ፈርሂያ ዶሮዋ ስትሞት ደብተሯ፣ ስንዴው ሲቆም ትምህርቷ ቆመ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ ቤቴ ድረስ መጥቶ ፎቶዋን ወሰደ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ሃያ አራት ትሆናለች ብሎኛል። በአንድ ጀምበር ስምንት ዓመት ማደግ ግብረ ኃይልዎም ገና ያልደረሰበት ዕድገት ነው። ደላላው የቀጠረን ለግንቦት መጨረሻ ሲሆን፣ ይግባኝ ሰሚው ኮሚቴዎ የቀጠረን ግን ለሰኔ አጋማሽ ነው።

አቶ ንጉሡ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። እርከን ልሥራ፣ ድንጋይ ልሸከም፣ ጭብጨባውንም መልሱልኝ ካላችሁ እመልሳለሁ። ልጅቱ አውቶቡስ ላይ ሳትወጣ ስሜን መልሱት። እናቷ ከመሸ በኋላ ሻንጣውን ትፈታዋለች፤ ሲነጋ መልሳ ታስረዋለች።

መዝገብዎ ይስፋ፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ አዳራሽዎ ከተመራቂ አይለይ እያልኩ፣ በአንዲት ዶሮ ሀብታም የሆንኩት ታዛዥዎ፣

ኑርሁሴን ጠልሐ

ግልባጭ፦
ለእትዬ ሀጀራ፣ የፔርሙዟ ባለቤት
ለወፍጮ ቤቱ በር፣ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ አቶ ደሳለው ዳግመኛ ከመጡ በደህና ይምጡ፤ ሻይ አይጠፋም፤ ፔርሙዟም መንገዱን ለምዳዋለች። ዶሮን በተመለከተ ግን ከአሁን በኋላ ስንቃቸውን ይዘው እንዲመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እርማት (ሰኔ 2 ቀን)፦ ከላይ «ስድስት ነፍስ» ተብሎ የተጻፈው፣ ደብዳቤው መልስ ሲጠብቅ ስለሰነበተ፣ «አምስት ነፍስ» ተብሎ ይነበብ። ቤታችንም ከትናንት ንጋት ጀምሮ ልጅ አረብ አገር ካላቸው ቤቶች ተራ ይመዝገብ። የግብረ ኃይሉ ምደባ ትክክል ነበር፤ የቀደመው በሁለት ወር ብቻ ነው።