ስንኝ ሰርዘው ያልጠገቡት የታላቅ ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ታላቅ ወንድማችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ስድስት ልጆች በሁለት ክፍል ባደግንበት ቤት የበኩር ልጅ እሳቸው ነበሩ፤ ይህን የምታነበው ደግሞ የመጨረሻዋ እህታቸው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ጋሼ ስትላቸው ስለኖረች ዛሬም ጋሼ ትላቸዋለች፤ ይፈቀድላት።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ የመጀመሪያ ግጥማቸውን ለቋንቋ መምህራቸው አሳዩ። መምህሩ ከሃያው ስንኝ አሥራ ስምንቱን ሰርዘው፣ "በል ከዚህ ጀምር" ብለው መለሱላቸው። ሌላ ልጅ ቢሆን ተናዶ ይተወው ነበር። ጋሼ ግን ደስ ብሏቸው ቤት ገቡ! የእኛ መከራ የጀመረው ያን ቀን ነው።

በ1965 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጥረው ለሠላሳ አራት ዓመታት አገልግለዋል። የሰውን ጽሑፍ በቀኑ አርመው ያስረክቡ ነበር፤ ወደ ራሳቸው ሲመጣ ግን አበስኩ ገበርኩ! የሥራ ባልደረቦቻቸው "ጋሽ ቆይ" ይሏቸው ነበር። በ1972 ዓ.ም. ነርስ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። የመጀመሪያዋ ስም የወጣላት በሦስት ወሯ ነው፤ አባቷ ገና እያሰቡበት ነበር።

የግጥም መጽሐፋቸውን ሦስት ጊዜ ለአሳታሚ ሰጥተው፣ ሦስቱንም ጊዜ ሮጠው አስመልሰዋል። ታይፒስቷ እህታቸውም... ኧረ እስከ መቼ ራሴን "እሷ" እላለሁ! ያንን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አሥራ አንድ ጊዜ የመታሁት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል አውጥተው በማግስቱ እዚያው ሲመልሷት እኔ ገጹን እንደ አዲስ እመታለሁ። "ጋሼ፣ በፈጣሪ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉት!" ስላቸው፣ "ይቺን ብቻ፣ እህት ዓለም" ይሉኛል። ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ ሲሉ ሃያ ዓመት ነጎደ።

ባለፈው ዓመት በልብ ሕመም ሲወድቁ ሐኪሙ የቀራቸው ጥቂት ወራት መሆኑን ነገረን። ባለቤታቸው፣ "መጽሐፉን በእጁ ሳይዝ አይሄድም!" ብለው ቆረጡ። ሳንነግራቸው አሥራ አንደኛውን ቅጂ አሳተምነው። ሦስት መቶው መጽሐፍ ቤት በገባ ዕለት አንዱን አልጋቸው ድረስ ወሰድንላቸው፤ እስክሪብቶ የተባለውን ሁሉ ግን ቀድመን ደብቀናል።

አልተቆጡንም። ሁለት ቀን አንብበው ጠሩኝና፣ ስለ እናታችን ሞት በጻፉት ግጥም ውስጥ "አባቴ አለቀሰ" የምትለዋን ስንኝ በጣታቸው አሳዩኝ። "ይሄ ውሸት ነው። አባባ አላለቀሰም፤ ቤት እንዲመታልኝ ብዬ ያስገባሁት ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ በይው" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ልናገራቸው አፌን ስከፍት ግን ትዝ አለኝ። እናታችን የሞተች ቀን እኔም የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አባባ እውነትም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ጋሼ ከዚያ በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አምስት እህት ወንድሞቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

በር ላይ የተሰጣችሁን መጽሐፍ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ስትገልጡ አንድ ስንኝ ተሰርዞ፣ ከላዩ በእጅ ተጽፎበት ታገኛላችሁ። ትናንት ከምሳ በኋላ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እኔ ጠረጴዛ ከበን ሦስት መቶውንም አርመናል። የእጅ ጽሑፋችን ስለማይመሳሰል ይቅርታ።

ፈጣሪ ለነፍስዎ ደግ ማረፊያ ይስጥልን። ስንኙ ተስተካክሏል፣ ጋሼ።