በወረፋ ላይ እህት ያገኙት የወይዘሮ ማናህሎሽ ይመር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማናህሎሽ ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር አበጋዝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ ወርቁ፣ በወሎ፣ ኩታበር አካባቢ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ብቸኛ ልጅ ነበሩ። ይህ እንዲያዝ የሚያስፈልገው ኋላ ላይ እህት ስለምትመጣ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ደሴ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። የክፍል አለቃ ሆነው የሚያረፍድ ተማሪ ስም እንዲመዘግቡ ቢታዘዙ፣ አርፍደው የገቡትን መምህር ስም ጭምር በመመዝገባቸው በሦስተኛው ቀን ከአለቅነት ተነሥተዋል።

በ1979 ዓ.ም. ከከባድ መኪና ሾፌሩ ከአቶ ጸጋአብ ደምሴ ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ልጅ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሆነችውን ቢታንያን አፍርተዋል። በ1999 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ጁባ መጥቶ፣ ወይዘሮ ማናህሎሽ ሀይ ጀላባ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈቱ። ደንበኛ ሳህኑ ላይ ካስተረፈ «ምን ጎደለው?» ብለው እስኪጨርስ አጠገቡ ይቆሙ ነበር። ባለቤታቸው በ2006 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ምግብ ቤቱን ዘግተው ሙኑኪ ሰፈር ግቢ ተከራይተው መኖር ጀመሩ።

በ2009 ዓ.ም. የጥምቀት ዋዜማ፣ በቆርቆሮ አጥር የሚዋሰኗቸው የወይዘሮ ኑርያ ይመር ፍየል፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን የወይዘሮ ማናህሎሽን አዲስ ቀሚስ ግራ እጅጌ በላች። የሐይቅ ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ ኑርያ ባልም ልጅም ያልቀረላቸው ሴት ናቸው። ስለ እጅጌው ሲጠየቁ «ፍየል ናት፤ ምን ላድርጋት?» አሉ። ስድስት ዓመት ያኳረፋቸው ይህ መልስ እንጂ እጅጌው አይደለም። ወይዘሮ ማናህሎሽ ቀሚሱን ለማስረጃ አስቀመጡት።

በ2015 ዓ.ም. ለአረጋውያንና ለችግረኛ ቤተሰቦች ዱቄት፣ ዘይትና መድኃኒት የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ ሙኑኪ መድረሱ ተሰማ። ደንቡ፣ የሚንከባከበው ዘመድ የሌለው አረጋዊ አይመዘገብም ይል ነበር። ሁለቱም ሴቶች ለምዝገባ ሄዱ፤ እንዳጋጣሚ ተከታትለው ተሰለፉ። መዝጋቢው ሁለት «ይመር» ከአንድ ሰፈር፣ በአንድ ቋንቋ፣ ፊትና ኋላ ቆመው ሲያይ እህትማማች ብሎ ጻፈ። እያንዳንዳቸው ሌላዋ ስህተቱን ታርማለች ብለው ጠበቁ። ቀድሞ ስለ ሌላዋ አፍ መክፈት ሽንፈት ስለነበር ሁለቱም ዝም አሉ። መዝጋቢው በግቢው ስለምትኖረው ቢታንያ ሲጠይቅ፣ ወይዘሮ ማናህሎሽ በኩራት «ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት» አሉ። እሱም ተከራይ ብሎ መዘገባት። እናት አንድ ጠዋት ወጥተው እህት አግኝተው፣ ልጃቸውን ወደ ተከራይነት አውርደው ተመለሱ።

ካርዱ አንድ፣ ስሙ ሁለት ነበር። ሁለቱ በየወሩ አብረው ቀርበው አሻራ ካልሰጡ ለሁለቱም አይሰጥም። የወይዘሮ ኑርያ የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ በዚያው ካርድ ነው። ስለዚህ ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጠው፣ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ይሄዱና ይመለሱ ጀመር። ሾፌሩ ግራ ገብቶት ችግር እንዳለ በዐረብኛ «ሙሽኪላ ፊ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱም «ማፊ!»፣ የለም፣ ይሉት ነበር።

በአራተኛው ወር ወይዘሪት ኬጂ የተባሉ የድጋፉ ሠራተኛ ለማጣራት ቤት ለቤት መጡ። የእህትማማችነቱ ነገር ካልተረጋገጠ ካርዱ ይሰረዛል። በመጀመሪያ አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ ሙስሊም የሆኑበትን ምክንያት ጠየቁ። ሁለቱም ባንድ አፍ «ወሎ ነን» አሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ከዚያ ለየብቻ ተጠየቁ። ወይዘሮ ማናህሎሽ ስለ ወይዘሮ ኑርያ «ክኒኗን ጠዋት ከአዛን በኋላ አንድ፣ ማታ አንድ ትውጣለች። ማክሰኞ ገበያ ስለምትሄድ ትረሳለች» አሉ። ወይዘሮ ኑርያም በበኩላቸው «ግራ ጉልበቷን ያማታል፤ ለልጇ አትናገርም። ስትናደድ የታጠበ ድስት መልሳ ታጥባለች። ሰሞኑን ብዙ አጥባለች» አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲሰላለሉ አንዷ ያላወቀችው የሌላዋ ነገር አልነበረም። ተከራይዋ ተጠርታ ስለ እናቷ ጉልበት ብትጠየቅ «ጉልበቷን ያማታል እንዴ?» አለች። ይህን መጻፍ ያሳፍራታል፤ ግን እውነት ነው። ወይዘሪት ኬጂ እንዲህ የሚተዋወቁ እህትማማቾች አይተው እንደማያውቁ ጽፈው ካርዱን አጸኑ፤ ቢታንያንም ተከራይ እንደሆነች ተዉአት።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ወይዘሮ ማናህሎሽ ቆርቆሮውን በጭልፋ ደብድበው «አንቺ! ክኒንሽን!» አሉ። ከወዲያ በኩል «እሺ፤ ጆሮ አለኝ!» ተባለ። ኩርፊያው በዚህ አበቃ። ከዚያ ወዲህ እስኪታመሙ ድረስ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አንድም ማክሰኞ ሳይታለፍ ቆርቆሮው ተደብድቧል። ወይዘሮ ኑርያም ለቀሚሱ ከራሳቸው ሻርፕ ቀደው አረንጓዴ እጅጌ ሰፉለት። ቀሚሱ ነጭ ነበር። ወይዘሮ ማናህሎሽ ሲያጉረመርሙ፣ ሲያጉረመርሙ፣ ሁለት ጥምቀት ለብሰውት ወጡ።

ወይዘሮ ማናህሎሽ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሦስት ሳምንት በሐኪም ሲረዱ፣ አልጋቸው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ያስታመሟቸው ወይዘሮ ኑርያ ናቸው። ሐኪሙ ለቅርብ ዘመድ የሚፈረም ወረቀት ሲያመጣ ማንም ሳይጠይቃቸው ፈረሙ። ወይዘሮ ማናህሎሽ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

በነጋታው ማክሰኞ ነበር። ግቢው በለቅሶ ተሞልቶ ሳለ ቢታንያ ጭልፋውን አንሥታ ቆርቆሮውን መታች፤ «እማማ ኑርያ፣ ክኒንዎን!» አለች።  ከወዲያ በኩል «እሺ ልጄ፤ ጆሮ አለኝ» ተባለ። ለለቅሶ የመጡት ወይዘሪት ኬጂ ይህን ሰምተው ከቦርሳቸው ቅጹን አወጡ፤ ተከራይ የሚለውን ሰርዘው «የእህት ልጅ፣ ተንከባካቢ» ብለው ጻፉ።

ወይዘሮ ማናህሎሽ ይመር አንዲት ሴት ልጅና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። ሁሉንም ይቅር ብለው እንደሄዱ፣ ፍየሏን ግን ይቅር እንዳላሉ ለሕዝብ እንዲነገር ባዘዙት መሠረት እነሆ ተነግሯል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ወረፋ በሌለበት ደጅ ይቀበልልን። ስማቸውን ሲጠየቁ ደግሞ ቦታ ለሁለት እንዲይዙ አደራ እንላለን።