ለልጃችን መምጫ የደረደርነው መደርደሪያሽ

ውድ ባለቤቴ ትርንጎ፣

እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሣሁና አፈርሁ። ሌላ የደብዳቤ መጀመሪያ ግን አላውቅም። ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው፤ የሸኘንሽ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሐይቁንና ሰማዩን አንድ አድርጎት ሳለ ነበር፣ አሁን ግንቦት ተጋምሷል። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ሴት ልጃችን ሙሉ ደህና ናት ማለቴ ነው፤ እኔማ መቀመጥ አቅቶኛል። ገና ቁጭ ከማለቴ እነሣለሁ፣ ስነሣ ደግሞ ለምን እንደተነሣሁ ይጠፋኛል። ይህንንም የምጽፍልሽ ቆሜ፣ ወረቀቱን መደርደሪያሽ ላይ አስደግፌ ነው።

ይበልጣል ዛሬ ሊመጣ ነው። ልጅሽ በሕይወት አለ፣ አካሉም አልጎደለም። አብሮት የዘመተ አንድ የግሽ አባይ ሰፈር ልጅ እጁን ቆስሎ ሲመለስ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ይበልጣል ፈቃድ እንደ ተሰጠውና ቅዳሜ በአውቶቡስ እንደሚገባ ነገረን። ሙሉ እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ በእጇ ያዘችው። ለምን እንደ ያዘችው አንቺ አታጪውም። ወንድሟ መሞትሽን አያውቅም።

ጦር ሜዳ ላለ ልጅ የእናቱን ሞት ማን ይጽፍለታል? እዚያ ማን አቅፎት ያለቅሳል? የእድሩ ሽማግሌዎችም፣ ከደቅ ደሴት የመጣው ወንድምሽም አንድ ቃል ሆኑ፤ አሁን አይነገረው፣ ሲመጣ በወጉ ይረዳ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ የምትጽፍለት ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻው «እማዬም ሰላም ትልሃለች» ነው። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ አያለሁ። እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ እጇ ይዘገያል።

ለዛሬ የተመከረው እንዲህ ነው። ልጁ ከመንገድ ደክሞ ሲገባ፣ እናትህ ለወገቧ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄዳለች፣ ነገ ትመጣለች ይባላል። ድሮም ስትሄጂ ስለሚያውቅ ያምናል። ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ነገ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ያረዱታል። ሰው ከመርዶ በፊት እህልና እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ወጉ ክፉ አይደለም፣ እኔም የአባቴን ሞት የተረዳሁት በዚሁ ወግ ነው። ያስቸገረን ቤቱ ነው። ጎረቤትሽ እትየ ዘይነባ እንዳለችው፣ ልጁ ከበር ሆኖ መደርደሪያውን አንዴ ካየ ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልገውም።

አንቺ አላየሽውም እንጂ፣ የተለየሽን ዕለት የሰፈሩ ሴቶች ለቀስተኛው መቀመጫ እንዲያገኝ ቤቱን ባዶ አደረጉት። መደርደሪያው ግድግዳው ላይ የተመታ ስለሆነ ቀረ። ጌጡ ግን በለቅሶ ቤት ነውር ነው ተብሎ በየቤቱ ተከፋፍሎ ወጣ። ብርጭቆዎቹ እትየ ዘይነባ ዘንድ ሄዱ፤ ትሪው፣ ጣሳው፣ ዳንቴሉ የት የት እንደ ነበር እንጃ። ከአርባሽ በኋላ ሁሉም ያለበትን ንጹሕ አድርጎ መለሰ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ አንዲት ማንኪያ አልጎደለችም። ብቻ እያንዳንዷ ሴት በገዛ ዓይኗ ልክ ደረደረችው። ከላዩ ላይ ፎቶሽን ሙሉ በመስታወት አስገብታ፣ ጥቁር ጥብጣብ አስራ አቆመችበት። እኔም እንደዚያው ትቼው ኖርሁ።

እንግዲህ ሳምንቱን ሁሉ ያንቺን መደርደሪያ መልሰን ለማምጣት ስንታገል ሰነበትን። አፍሬ ልንገርሽ፤ በምሠራበት ፋብሪካ ግምጃ ቤት ውስጥ የትኛው ብሎን በየትኛው ሳጥን እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አውጥቼ እሰጣለሁ። እዚህ ግን ሬዲዮው ከፔርሙዙ በስተቀኝ ነበር ወይስ በስተግራ ብለው ቢጠይቁኝ አፌ ተያዘ። ስንት ዓመት ፊቴን ወደሱ አዙሬ እራት የበላሁ ሰውዬ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት ለካ ስለኔ ነው።

ከዋንዛ ጣውላ ያሠራሁልሽ ጊዜ ትዝ ይልሽ ይሆናል። ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ፣ ቁመቱን በቁመቱ ብዬ ልደረድርልሽ ስነሣ፣ መጋዘንህን እዚያው ትተህ ግባ ብለሽ ከበር መለስሽኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን አላስገባሁም። ከላይ ያለው ለእንግዳ ዓይን፣ ከታች በመጋረጃው የተሸፈነው ለእኛ ሆድ ትይ ነበር። እኔም አምኜሽ ኖርሁ። ሰሞኑን ነው ግማሹን እንዳልነገርሽኝ የደረስሁበት። ከላይ ያቆምሻቸው ጌጦች ሁሉ ለካ ሆዳቸው ሥራ ላይ ነበር። አበባ ያለበት ፔርሙዝ ውስጡ ከተሰበረ ቆይቷል፣ ሙሉ እንደ ነገረችኝ የዳንቴል ክርና መርፌሽ ማደሪያ ነበር። ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈሽ ያመጣሽው ስኳር ከትልቁ ትሪ ጀርባ ይቀመጥ ነበር፤ እኔ ቤት ውስጥ ስኳር አልቋል እየተባልሁ መራራ ሻይ ስጠጣ ማለት ነው። በሻይ ማፍያው ውስጥ የእኔ የሸሚዝ ቁልፎች ነበሩ። ሙሉ ይህን እያወጣች ስትነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን።

ሙሉ የምታውቀው ሆዱን ነው። ፊቱን ያወቀችልን እትየ ዘይነባ ናት። በርጩማዋ ላይ፣ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት ቦታ ተቀምጣ እጇን እየዘረጋች አዘዘችን። ትሪው ዝቅ ብሎ ነበር የቆመው፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እንደ መስታወት እያየሁ ሻሼን የማስተካክልበት አለች። ብርጭቆዎቹ አፋቸው ተደፍቶ ነው፣ አንዱ ብቻ ቀና ብሎ፣ አለች። ሙሉ ደግሞ፣ አይደለም፣ ሁሉም የተደፉ ነበሩ አለቻትና ትንሽ ተቀያየሙ። አንዱ ቀና ያለው ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እትየ ዘይነባ ግን ምላም ተገዝታም አልቀበል ስላለች አንዱን አቀናነው። እኔ ያወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ጣውላ ክረምት ክረምት በሐይቁ እርጥበት እንደሚጎብጥና ከባድ ነገር እንደማትጭኝበት። ይህን ስናገር ሁለቱም ሥራቸውን ትተው ሰሙኝ፣ ኮራሁ።

መሠረተ ትምህርት ስትማሪ ከዴስክ ሥር ደብቀሽ የሠራሽው ዳንቴል ታጥቦ፣ ጫፉ እንደምታደርጊው በጣውላው አፋፍ ወርዶ ተነጥፏል። ሬዲዮው ልብሱን ለብሷል። ከመጋረጃው በታች ሽሮው፣ በርበሬው፣ ጨው፣ ሁሉም በየጣሳው ነው። ዛሬ ከሥራ ከተመለስሁ ጀምሮ አንዱን ብርጭቆ ስንቴ እንዳዞርሁት ሙሉ ትንገርሽ። በመጨረሻ ፎቶሽን አወረድሁና ጥብጣቡን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁሽ። የት እንደምደብቅሽ ገና አልወሰንሁም። ቆይ፣ ልጁ እንደሚያየው አድርጌ ከበር ሆኜ አንዴ ልየው።

ተመለስሁ።

ውጭ ወጥቼ፣ ልክ እንደ መንገደኛ በሩን ከፍቼ ገባሁ። መደርደሪያሽ ፊት ለፊቴ ነበር፣ አንድም ነገር አልተዛነፈም። ትርንጎ ብዬ ተጣራሁ። አስቤ አይደለም። ከሥራ ስገባ እንደማደርገው፣ ጫማዬን እያወለቅሁ፣ ትርንጎ አልሁ። ከዚያም መልስሽን ጠብቄ ቆምሁ። ከጓዳ ሙሉ ወጣችና አየችኝ፤ የጫማዬን ክር ጎንበስ ብላ ፈታችልኝ። እኔ የቀበርሁሽ ሰውዬ፣ አፈር ያለበስሁሽ ሰውዬ፣ በአንድ ትሪና በጥቂት ብርጭቆ ተታልዬ ጠበቅሁሽ።

ያ ልጅ ምን ይሆናል? ዛሬ ደስ ብሎት እዚህ ሥር ይተኛል፣ ነገ እናቴ ትመጣለች ብሎ ይተኛል። ጠዋት ሲረዳ ደግሞ ይህንኑ መደርደሪያ ቀና ብሎ ያያል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ብርጭቆ ባየ ቁጥር አባቴና እህቴ እንዲህ አድርገው አታለሉኝ ይላል። ለዓይኑ ብለን የደረደርነው ዓይኑን ሊያስጠላው ነው። አልችልም፣ ትርንጎዬ። ወጉን አልናቅሁም፤ እኔን ያረዱኝ ግን አባቴን ያለ አስመስለው ቤት አላሰናዱልኝም።

ስለዚህ ራሴ መናኸሪያ እወርዳለሁ። ወንድምሽ ጠዋት ከደቅ በታንኳ ገብቷል፣ አብሮኝ ይሄዳል፤ ልጁ ሁለት ትከሻ ያገኛል። ከአውቶቡስ ሲወርድ አቅፌ እስመዋለሁ። ከዚያ በሐይቁ ዳር ይዤው ሄጄ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬ እኔው እነግረዋለሁ። ለእትየ ዘይነባ ስነግራት እርም ነው፣ ሰው እንዴት በባዶ ሆዱ ይረዳል ብላ ተቆጣችኝ። ቆየት ብላ ግን ቤቷ ገብታ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ወተት ይዛልኝ መጣች፤ መጀመሪያ ይቅመስ፣ ከዚያ ንገረው አለችኝ። እሺ አልኋት። ነጠላሽን ሙሉ ከሣጥን አውጥታ ፎቶሽን ጠቀለለችልኝ።

መፍራቴን ልደብቅሽ አልችልም። አፌን እንዴት እንደምከፍት አላውቅም፣ መንገዱን ሁሉ ሳሰላስለው እሄዳለሁ። አውቶቡሱ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ይደርሳል ስለሚባል መቸኮል አለብኝ።

ሲመለስ እሱ ይዞሽ ይገባል። ለሰው ፊት እንደ ድሮው ያሰናዳነው መደርደሪያ እዚያው ነው፤ ባንቺ ላይ ግን እኔም ሙሉም እትየ ዘይነባም አናዝም፣ ቦታሽን ልጅሽ ይምረጥ። ከላይ ከብርጭቆዎቹ መካከል ያቁምሽ፣ ከመጋረጃው በታች ከጣሳሽ አጠገብ ያኑርሽ፣ የሱ ፈንታ ነው። በሕይወት እስካለሁ በየቀኑ ቀና ብዬ፣ ወይም ጎንበስ ብዬ፣ አይሻለሁ። እጄ ዕረፍት እንደሌለው ታውቂያለሽ፤ እሱ ካስቀመጠሽ ቦታ ግን አላነሣሽም።

የአንቺው ጌታሁን